ሸሪፋ የገዛችው ልጅ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ባለው ሰፈር ግን መልአኩ ሥራውን ለጋሽ አረጋዊ ትቶላቸው የሄደ ይመስል ነበር። እዚያ ሰፈር ልጅ ሲወለድ ከገንፎው ቀጥሎ የሚታሰቡት እሳቸው ናቸው። አባትየው ግማሽ ኪሎ የኅብረት ሱቅ ስኳር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣና፣ «ጋሽ አረጋዊ፣ እንግዲህ አንድ ነገር ይበሉን» ይላል። እሳቸውም መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ ወልውለው ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ደብተራቸውን ያወጣሉ። ሊናገሩ ሲሉ ደግሞ አውሮፕላን ይመጣል። የዚያ ሰፈር ሰው አውሮፕላን በጣራው ላይ ሲያልፍ ንግግሩን ገታ አድርጎ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል፤ ጠብ እንኳን ቢሆን እንዲሁ ነው።

ጋሽ አረጋዊ በአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት መጋዘን ዕቃ ተረካቢ ናቸው። በወጣትነታቸው ግን መነኩሴ አጎታቸውን ተከትለው ኢየሩሳሌም ወርደው፣ በገዳሙ ውኃ እየቀዱና ደወል እየደወሉ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል። ዕብራይስጡን ከገበያው ለቀሙት፤ የቀረውን ደግሞ መጽሐፍ ይጠርዝ የነበረ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አስተማራቸው። ሌላው ሰው ከውጭ አገር ሲመለስ ሬዲዮ ይዞ ይመጣል። እሳቸው ስም ይዘው መጡ።

ደግሞም ተራ ስም አይደለም። ዳዊትና ሰሎሞን የሚልማ ማንም አለ። ከወሎ ተነቅሎ አዲስ አበባ ለገባ አንድ አናጢ ልጅ «ጌርሳም» አሉለት፤ በባዕድ አገር እንግዳ የሆነ ሰው ለልጁ ያወጣው ስም ነው ብለው ሲነግሩት አናጢው እንባው መጣ። ገና ጎህ ሲቀድ ለተወለደች ልጅ «ይሚማ» አሉ። ርግብ ማለት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ጋሽ አረጋዊ ግን ቀን ከሚለው ቃል የተወለደ ነው ብለው ድርቅ ይላሉ፤ በዚህ ነገር ከማንም ጋር ለመጣላት ዝግጁ ናቸው። ለሌላይቱ «ቃስያ» ብለው፣ ከቀረፋ ጋር የሚዛመድ መዓዛው ደስ የሚል ቅርፊት ነው ሲሉ፣ አጥር የምትጋራቸው ሸሪፋ ሰምታ፣ «ታዲያ ኮረሪማ የምትባለው መቼ ትወለዳለች?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። ሸሪፋ የወረኢሉ ሰው ናት። ባሏ አብዱልጀባር የጭነት መኪና ሹፌር ሲሆን እሷ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ ምላሷም እንደምትሸጠው ሚጥሚጣ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ላጲሶ እንኳን ልጁን በአደባባይ «ትግሉ» ብሎ ካስመዘገበ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን ኮፍያውን ኪሱ ከትቶ በጓሮ በር መጣ። «ይህ ነገር በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር» አለ። «ኤልዳድ» አሉለት፤ እግዚአብሔር ወደደ ማለት ነው። ያ ልጅ ደጅ ሲጠራ ትግሉ ነው፤ እራት ሲቀርብ ኤልዳድ።

እንግዲህ እኚህ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የሰየሙ ሰው በ1976 ዓ.ም. ክረምት የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለገዛ ልጃቸው ልጅ ስም ማውጣት። ይህንኑ ደግሞ ተከልክለዋል። የከለከለቻቸውም አንድያ ልጃቸው ምንትዋብ ናት።

ምንትዋብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ከባሏ ከረታ ጋር በአባቷ ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇ ሲወለድ ጋሽ አረጋዊ ደብተራቸውን ሲያገላብጡ ሰንብተው «ማቱሳላ» አሉት። ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው ስም ነው፤ ከዚያ በላይ የኖረ የለም። ሕፃኑ በሁለት ወሩ ሞተ። ሁለተኛው ሲመጣ ሽማግሌው የባሰ ተጠነቀቁ። «ሕዝቅያስ» አሉት። እግዚአብሔር ያበረታል ማለት ነው፤ ሊሞት ከአልጋ ላይ ወድቆ ሳለ አሥራ አምስት ዓመት የተጨመረለት ንጉሥ ስም ነው። እሱም አሥራ አምስት ሳምንት አልሞላውም።

ለቅሶው ላይ ከዕድር ሴቶች አንዷ ጎኗ ለተቀመጠችው፣ «ስሙ ከብዶት እኮ ነው» አለች። በሹክሹክታ ነበር ያለችው፤ ነገር ግን ለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ጆሮ አይስትም። እንግዳው ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል ምንትዋብ አባቷ ፊት መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ለእኔ ልጅ ስም እንዳያወጡ» አለች። «ዕድሜ ዕድሜ ሲሉ ሞት ሰማን።»

ጋሽ አረጋዊ አልተከራከሩም። ምንትዋብ ደብተሩን ከእጃቸው ተቀብላ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው፤ ቆርቆሮውንም መኝታ ቤቷ ቁምሳጥን ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱ ሕፃናት ስም በዚያ ግቢ አልተጠራም። ስኳር ይዞ የመጣውንም ሰው ሁሉ ሽማግሌው፣ «ትቼዋለሁ ልጄ፣ ወደ ቄሱ ሂድ» እያሉ መለሱት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ልጃቸውን ማመናቸው ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ያንን ሁለት ስም በሆዳቸው እየደገሙ፣ ሌላ ብላቸው ኖሮ ይሄኔ ድክ ድክ ይሉ ነበር ይላሉ። አንጀት የሚበላ ነገር ነው፤ ግን ለማን ይነገራል?

ምንትዋብ ለሦስተኛ ጊዜ ስትፀንስ የረታ እናት እትዬ ወርቅዬ ከመንዝ መጡ። እትዬ ወርቅዬ ቤት ሲገቡ ሰላምታ ሳይጨርሱ ትእዛዝ የሚጀምሩ ሴት ናቸው። «ይሄ ልጅ ይሸጣል» አሉ።

ማንም አልደነገጠም፤ ነገሩ የታወቀ ነው። ልጅ አልበረክት ያላት እናት የወለደችውን ለሌላ ሴት ትሸጣለች፤ ለይስሙላ፣ በማይረባ ዋጋ። ከዚያ በኋላ ልጁ የገዢዋ ነው። ወላጆቹ ሞግዚቶች ሆነው ያሳድጉላታል፤ ስም የምታወጣውም እሷ ናት። ሞት ልጁን ፍለጋ ሲመጣ አድራሻው ይጠፋበታል።

«ለማን ይሸጥ?» አለ ረታ።

«ስድስት አሳድጋ አንድ ያልጎደለባት ማን አለች? ያቺ እስላሟ ጎረቤታችሁ» አሉ እትዬ ወርቅዬ። «ሞት የክርስቲያን ልጅ ብሎ ሲያስስ የእሷን ቤት አልፎ ይሄዳል።»

ነሐሴ መግቢያ ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ። በሰባተኛው ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ሸሪፋ ነጠላዋን መስቀልያ አድርጋ አጥሩ ጋ ቆመች።

«የሚሸጥ ልጅ አለ ሲሉ ሰማሁ» አለች ጮክ ብላ።

«ያለስ አለ፤ ግን ብዙም አይረባም» አሉ እትዬ ወርቅዬ ሕፃኑን በአጥሩ ላይ እያቀበሏት።

ሸሪፋ ገለጥ አድርጋ አየችው። «ያ አላህ! አፍንጫው የታል? እኔ ሾላ ገበያ ተቀምጬ ስንት የነቀዘ ዕቃ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።»

«ውሰጂና ገላግይን ብቻ።»

«እንግዲህ ከእጄ ላይ ካለው በላይ አልከፍልም» ብላ አንድ ጭብጥ ጥቁር አዝሙድ በእትዬ ወርቅዬ መዳፍ ላይ አፈሰሰች። ሕፃኑን በነጠላዋ ጠቅልላ በራሷ በር ወጣች፤ መንገዱን ዞራ በእነ ምንትዋብ በር ገባች። አልጋው አጠገብ ስትደርስ፣ «ልጄን የምታጠባልኝ ሞግዚት እፈልጋለሁ፤ ጠባይዋ ጥሩ የሆነ» አለች።

«እኔ አለሁ እመቤቴ» አለች ምንትዋብ። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ ግን ጉንጯ ላይ ነው። ሸሪፋም ያን ጊዜ ቀልዱን ትታ ልጁን ግንባሩ ላይ ስማ ሰጠቻት።

ጋሽ አረጋዊ ይህን ሁሉ በሩ ጥግ ቆመው ያዩ ነበር። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ከመጋዘኑ የጭነት ቅጽ ላይ የተቀደደች ወረቀት አለች፤ ወረቀቷ ላይ «ኤልያቄም» ተብሎ ተጽፏል፤ እግዚአብሔር ያቆማል ማለት ነው። ምንትዋብ መፀነሷን ከሰሙ ጀምሮ ሲያሹት የከረሙት ስም ነው። ደብተር ቢወሰድባቸውም ጭንቅላታቸው አልተወሰደም። የማንም ሕፃን ስም እንዲህ አላማራቸውም፤ እንዲህም አላስፈራቸውም።

ሳምንት ሳምንትን ወለደ፤ ሸሪፋ ስም አላወጣችም። ሕፃኑ «የሸሪፋ ልጅ» እየተባለ ወፈረ፤ አፍንጫም አወጣ። ጳጉሜ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ከተማውን ቀይ በቀይ ባደረገው ጊዜ፣ ጓድ ላጲሶ ለሰልፍ ሰው ሊመዘግብ መጥቶ ሕፃኑን አየ። «በታሪካዊ ዓመት የተወለደ ነው፤ ‹ድሉ› ቢባል ለቀበሌያችን ኩራት ነው» አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ሸሪፋ ካጥሩ ማዶ፣ «ይሄ ልጅ በገንዘቤ የገዛሁት የግል ንብረቴ ነው። ይወረስ ካልተባለ በቀር ስሙን የማወጣው እኔ ነኝ።»

 እንዲህ ያለ ቀልድ በዚያ ዘመን ሰው ወህኒ ያወርዳል። ላጲሶ መዝገቡን ዘጋ፣ ወደ ጋሽ አረጋዊ አየት አደረገ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። በጓሮ በር የመጣ ሰው ምን ይላል?

የክርስትናው ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሸሪፋ ጋሽ አረጋዊን ሾላ ገበያ አስጠራቻቸው። ከመደቧ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ አስቀምጣቸው እርድ ስትሰፍር ቆየችና፣ «ስም አጣሁለት» አለች። «የእኔን ልጆች የሰየመው አብዱልጀባር ነው። የእኛን ስም እንዳላወጣለት ቄሱ ያባርሩኛል። እስቲ ያማክሩኝ።»

«እኔን አትጠይቂኝ ሸሪፋ።»

«እርስዎን ካልጠየቅሁ ማንን ልጠይቅ? እርዱን?»

«ተከልክያለሁ። ደግሞም እውነቷን ነው» አሉ፣ እግራቸው ሥር የፈሰሰውን አብሽ እያዩ። «እኔ ያወጣሁለት ልጅ አይቆምም። እጄ ጥሩ አይደለም።»

ሸሪፋ መስፈሪያዋን አስቀመጠች። ከፊቷ የቆመችውን ገዢ፣ «ቆይተሽ ነይ የኔ እናት» ብላ ሸኘቻት።

«ከስድስቱ በፊት አንድ ነበረኝ» አለች። «ወረኢሉ ሳለሁ። በሦስት ዓመቱ ኩፍኝ ወሰደብኝ። እትዬ ወርቅዬ ስድስት አሳድጋ አንድ አልጎደለባትም ሲሉ ዝም ያልኩት ልጅዎን እንዳላስፈራት ብዬ ነው። ስሙ መሐመድ ነበር። ለእኛ ከዚህ ስም በላይ ምን ስም አለ? እስቲ ይንገሩኝ፣ ስሙ ነው የገደለው ልበል?»

ጋሽ አረጋዊ ቀና ብለው አዩዋት። አሥር ዓመት አጥር ተጋርተው ሲኖሩ ይህን አንድም ቀን አልሰሙም። በእሷ አዘኑ፤ በራሳቸውም አፈሩ። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት፣ ሁለት ዓመት ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ትንሽ ፈቀቅ አለላቸው።

እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ። ወረቀቷ አለች። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ቢናገሯት ሸሪፋ ወስዳ የራሷ አስመስላ ታወጣዋለች፤ ማንም አያውቅም። ነገር ግን ያ ማለት ልጃቸውን በጎረቤት አፍ ማታለል ነው። እጃቸውን ባዶውን መልሰው አወጡት።

«ስም አላወጣልሽም» አሉ። «አንድ ታሪክ ግን ልንገርሽ። በጥንት ጊዜ ከቤተልሔም በረሃብ የተሰደደች አንዲት ሴት ነበረች። በስደት አገር ባሏንም ሁለት ልጆቿንም ቀብራ ባዶ እጇን ተመለሰች። አገሯ ስትገባ፣ በድሮ ስሜ አትጥሩኝ፣ ማራ በሉኝ አለቻቸው፤ መራራ ማለት ነው። ኋላ የሟች ልጇ ሚስት ሌላ አግብታ ወንድ ልጅ ወለደችና አሮጊቷ አቀፈችው። ስሙን ማን ያወጣለት ይመስልሻል?»

«አባቱ ነዋ።»

«አይደለም። አያቲቱም አይደለችም። ጎረቤቶቿ ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ስም አወጡለት። ይህን ሁሉ ዘመን ስም ስለቅም ጎረቤት አውጥቶት የጸና ስም ሌላ አላገኘሁም።»

«ማን አሉት ታዲያ?»

«ኢዮቤድ። በዕብራይስጡ ኦቤድ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«አገልጋይ። የእናንተም ‹ዐብድ› ከዚያው ሥር ነው፤ የአብዱልጀባር ስም ላይ ያለው። የእኛ ግዕዝ ‹ገብር› ይለዋል፤ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ኪዳን ስንል።»

«አገልጋይ ብቻ?» አለች ሸሪፋ። «ረጅም ዕድሜ ምናምን የለበትም?»

«የለበትም።»

«ጥሩ» አለችና መስፈሪያዋን አነሣች። «ዕድሜውን ለአላህ እንተውለት።»

ጋሽ አረጋዊ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ወረቀቷን አውጥተው አንድ ጊዜ አነበቧት፤ ከዚያ በአራት ቀደው በመስኮት ለቀቋት። ኤልያቄም የሚባል ልጅ በዚያ ሰፈር አልተወለደም። ትንሽ አሳዝኗቸዋል፤ አልዋሽም።

የክርስትናው ዕለት ቤቱ ሰው ሞላው። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሰጥተውታል፤ የዓለም ስሙ ገና ነው። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ እትዬ ወርቅዬ፣ «በይ ገዢ፣ ተናገሪ» አሉ። ሸሪፋ ሕፃኑን አቅፋ ተነሣች።

«ኢዮቤድ ብዬዋለሁ» አለች።

የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ አረጋዊ ዞረ። እንዲህ ያለ ስም ከየት እንደሚመጣ ሰፈሩ ያውቃል። ምንትዋብ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወደ አባቷ ተመለከተች። ሽማግሌው ሳይጠየቁ፣ «ስም አላወጣሁም» አሉ፤ ድምፃቸው ስኳር ሲሰርቅ የተያዘ ሕፃን ድምፅ ነበር። «ታሪክ ነው የነገርኳት።»

«ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ሸሪፋ። «ከሰማሁት መርጬ፣ ለገዛ ልጄ።»

«ምንድነው ታሪኩ?» አለች ምንትዋብ።

ጋሽ አረጋዊ ጀመሩ። «አንዲት ሴት ነበረች… ሁለት ልጆቿን የቀበረች…» አሉና መቀጠል አቃታቸው። የቀረውን ሸሪፋ ጨረሰችው፤ በራሷ አነጋገር፣ ቤተልሔምን ወረኢሉ አድርጋ፣ ሴቶቹን ሁሉ ቅመም ነጋዴ አድርጋ። ምንትዋብ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ መኝታ ቤት ገባች። ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ቀጥሎም ቆርቆሮ ሲከፈት።

ሰማያዊውን ደብተር ይዛ ወጣችና ከእስክሪብቶ ጋር አባቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። «ይጻፉት» አለች።

ጋሽ አረጋዊ መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ ወለወሉ። ፊደሉ እንደ ወትሮው አላማረም። የሚጽፉትን ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። «ኢዮቤድ። አገልጋይ። ያወጣችለት፦ ጎረቤቱ ሸሪፋ፣ በአንድ ጭብጥ ጥቁር አዝሙድ የገዛችው።» ቤቱ ሳቀ። ደብተሩን ሊዘጉ ሲሉ ምንትዋብ እጇን ገጹ ላይ አሳረፈች፤ ሁለት ቅጠል ወደ ኋላ ገለጠች።

«እነዚህንም ያንብቡልኝ።»

«ኧረ በስመ አብ! በክርስትና ቀን የሙት ስም አይነሣም!» አሉ እትዬ ወርቅዬ።

«ወንድሞቹ ናቸው» አለች ምንትዋብ። አባቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ራሷን ጉልበታቸው ላይ አስደገፈች። «ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠራኋቸውም። ስማቸውን ጠልቼው አይደለም፣ አባዬ። ያወጡላቸው ስም እኮ በጣም ያምር ነበር።»

ጋሽ አረጋዊ አፋቸውን ሲከፍቱ የከሰዓቱ አውሮፕላን ጣራውን እየነቀነቀ መጣ። እንደ ሰፈሩ ልማድ ሁሉም ዝም ብለው ጠበቁ። ሸሪፋ ሕፃኑ እንዲሰማ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች። ድምፁ ርቆ ሲጠፋ ጋሽ አረጋዊ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከመጀመሪያው ልጅ ጀመሩ።